ቁልፍ

ሱር ከተማ፣ ጀልባ ከሚጠረብበት ዳርቻ፣
ናኹዳ ኸልፋን ተቀምጧል፤ ባሕር የተወለት ዓይኑን ብቻ።
ዛንዚባር ድረስ በሸራ የነዳ ሰው፣
ዛሬ ከሳሎን መታጠቢያ ቤት እኔ ነኝ የምመራው።

ልጁ ሁመይድ ከሙስካት የቼዝ ማሽን አመጣለት፣
ቀይ መብራት ያለው፣ ድምፅ የሌለበት።
አንድ ወር ማሽኑ ረታ። አንድ ወር እኩል ለእኩል ዋሉ።
በሦስተኛው ሽማግሌው ነቃ፤ ተገኘበት ውሉ።

«ፈረሴን ሳወጣ ፈረሱን ያወጣል፣
ወታደር ሳስጠጋ በግራ ይመጣል፣
ሰባተኛው ላይ ለንግሥቴ ይንጠራራል።
ይኼ ተጫዋች ነው? የወፍጮ ግመል ነው፣
ትናንት በዞረበት ዛሬም የሚዞረው።
ባሕር እንኳ ሰው ያከብራል፤
ሁለት ቀን በአንድ ፊት አይመጣም።»
ሰሌዳውን ገፋው። ሁለት ሳምንት አልነካውም።

ሐሙስ ማታ ሁመይድ የማሽኑን ሆድ ፈታ፣
ሲጽፍ ሲሰርዝ አደረ፣ ከሽቦ ጋር ሲማታ።
«ጅል ላደርገው አልሻም» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ፣
«አውቆ ቢሸነፍለት ይገባዋል፤ ውርደት ነው ለእሱ።
ግን ለአንድ ጭንቅ ሦስት ደኅና መንገድ አለ፤
ይኼ ሁሌ የላይኛውን ነው፣ እንደ ማለ።
በዕጣ ቢመርጥስ? ማሽን ዕጣ አያውቅም፤
ቁጥሩ ከቁጥር ነው የሚወለደው፤ ከዘሩ አይወጣም።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።
በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ትንሽ ቁልፍ ሰጠኝ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል።
«ተራው ሲደርስ ኪስሽ ውስጥ ትርገበገባለች።
ደስ ባለሽ ሰዓት ተጫኛት። ሰከንዷን ከሺህ ሰንጥቆ
መንገዱን ከዚያ ያወጣል። ለአባቴ ግን ጸጥ በይ።»

ደስ ባለሽ ሰዓት!

አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት፤ የሱብሒን ውሃ ማሞቅ፣
አሥራ ሁለት ተኩል ክኒን፤ አንድ ሰዓት ዕቃ ማለቅለቅ፣
ዓርብ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ከባቲ ስልክ መጠበቅ።
ሁሉም በማቀዝቀዣው በር በማግኔት ተለጥፏል፤
ከኔ በፊት የነበረችው የኬንያዋ ልጅ ስም
ከላይ አለ፣ በእስክሪብቶ ተሰርዟል።
በዚያ ቤት ያለ ሰዓቷ የምትመጣ
ይቺ አንዲት ጣት ብቻ ነበረች።

ልብስ ሳሰጣ ተጫንኳት። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዓይኔ ሲያነባ፣
እናቴ ስልኩን ዘግታ ዝምታው ጆሮዬ ሲገባ።
በንዴት ተጫንኳት። አንዴም ያለ ምክንያት እየሳቅሁ፣
አንዴም ረስቻት፣ ግማሽ ሰዓት ካስጠበቅሁ።

አጎቴ ይመር፣ ባቲ ልብስ ሲሰፋ፣ ስለ ሰንጠረዥ ያወጋ ነበር።
በድሮው ጨዋታ፣ ይለናል፣ ሲጀመር ተራ የሚባል የለም፤
«ወረራ» ነው፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ይነዳሉ፣
አንዱ የአንዱን እስኪገድል። ከዚያ ወዲያ ነው ተራ።
ሕጉን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት እጁን ነው፣
መርፌውን ጥሎ በአየር ላይ
ተራ ሳይጠብቅ ሲያሳየን።

ሽማግሌው ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።
ሲሸነፍ ሳቀ፤ ሲያሸንፍ አላመነም፤
ነፋስ እንደሚያሸት አፍንጫውን ወደ ጓዳ አቀና።

ሚያዝያ ላይ፣ ወበቁ ሲጀምር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
ድስት ሳጥብ ቁልፏ ተርገበገበች።
ቧንቧውን ዘጋሁ።
ናኹዳው ሰሌዳውን አላየም። ጆሮውን ሰጠ፣
የባሕር ጥልቀት በገመድ እንደሚለካ ሰው።
«ይኼ ማሽን» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
«ቧንቧ ሲዘጋ ነው የሚጫወት።
ልብስ ሲሰጣ ይዘገያል።
ዓርብ፣ ስልኩ ካለቀ በኋላ፣ እንደ ዕብድ ያጠቃል።»

ፊቱን ሳይመልስ፣
«ሉባባ» አለኝ፣ «ተራሽ ነው።»

እጄን አደረቅሁ። አልቸኮልኩም።